ቄስ ሐሩትዩን ሽማቮንያንና «አዝዳራር»

የመጀመሪያው የአርመንኛ መጽሔት የታተመው ከአርመን ምድር እጅግ ርቆ፣ በሕንድ ወደብ በማድራስ ከተማ፣ በአንድ ቄስ እጅ ነው። መሥራቹ ቄስ ሐሩትዩን ሽማቮንያን በሙያችን ባልደረቦች ዘንድ ሊታወቁ የሚገባቸው ሰው ስለሆኑ ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቄሱ በ1750 ዓ.ም. በፋርስ አገር፣ በሺራዝ ከተማ ተወለዱ። በ1604 ዓ.ም. ግድም ሻህ አባስ የጁልፋን አርመኖች ከቀዬአቸው አፍልሶ በኢስፋሃን አጠገብ አስፍሯቸው ነበር፤ ከዚያ የተነሡ ነጋዴዎችም እስከ ሕንድ ዘልቀው በማድራስ የቅድስት ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ይኖሩ ነበር።

ቄስ ሽማቮንያን ገና በሺራዝ ሳሉ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱባቸው። ኀዘኑ ስለ ጸናባቸው ከሰው ተለይተው ሰባት ዓመት ያህል ከፋርስ ደርቪሾች ዘንድ ተቀመጡ። የፋርስንም ቋንቋ በዚያ ጠንቅቀው ተማሩ። የክርስቲያን ካህን መጽናናትን ከሙስሊም ባሕታውያን ዘንድ መሻቱ በጊዜው ሳያነጋግር የቀረ አይመስለንም። በ1784 ዓ.ም. ወደ ማድራስ ተሻግረው የዚያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ።

በከተማይቱ ሻሃሚር ሻሃሚርያን የተባሉት ባለጠጋ በ1772 ዓ.ም. የአርመንኛ ማተሚያ ቤት አቋቁመው ነበር። ቄሱም በ1789 ዓ.ም. የራሳቸውን ማተሚያ ከፈቱ፤ በ1794 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር «አዝዳራር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት አወጡ። ትርጓሜው «ነጋሪ» እንደ ማለት ነው።

መጽሔቱን ስንመረምር ይበልጥ የሚያስደንቀን የቄሱ አርታዒነት ነው። የካህን ሥራ ነው ተብሎ ስብከት ብቻ አልሞላበትም። የመርከቦች መምጣትና የሸቀጥ ዋጋ፣ ከተበተኑት አርመኖች የመጣ ወሬና ደብዳቤ፣ የታሪክም ጽሑፍ ጎን ለጎን ይወጡበት ነበር። የሊቃውንቱ ጥንታዊ አርመንኛና የነጋዴዎቹ የዕለት ንግግር በአንድ ገጽ ላይ ይገናኙ ነበር። የግዕዝንና የአማርኛን ጉርብትና የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አይስተውም።

ነገር ግን የማድራስ አርመኖች ቁጥር ጥቂት ነበር፤ መጽሔቱን በቋሚነት የሚገዙትም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለወደቡ ነጋዴዎች የመጽሔት ዋጋ ከባድ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ቢሆንም የገንዘቡ ጭነት በአንድ ቄስ ትከሻ ላይ ወደቀ። «አዝዳራር» 18 ጊዜ ታትሞ በ1796 ዓ.ም. ቆመ። ሌላ የአርመንኛ መጽሔት የታየው በ1799 ዓ.ም. ሲሆን ያዘጋጁትም በቬኒስ የነበሩት የመኽታር ማኅበር መነኮሳት ናቸው።

አሥራ ስምንት እትም አነስተኛ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የራሱን ማተሚያ ይዞ፣ ራሱ ጽፎና አርሞ መጽሔት ያወጣ ግን እንዲህ ብሎ አይፈርድም።

ቄስ ሽማቮንያን ከመጽሔቱ መቆም በኋላ 28 ዓመት በክህነታቸው ኖሩ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1824 ዓ.ም. አርፈው ለ40 ዓመት ባገለገሉበት በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበሩ።