አዋላጆችን ሊያስተምሩ መጥተው የእናቶችን ቁስል የጠገኑት ሐኪም

መኪና መንገድ ባልነበረበት ዘመን በኩታበርም ሆነ በለጋምቦ ተራሮች ምጥ የጸናባት እናት ተስፋዋ የልምድ አዋላጇ እጅ፣ የቤተ ዘመዱም ዱዓና ጸሎት ነበር። በቃሬዛ ደሴ እስክትደርስ ቀኑ ይመሻል። ከሞት የተረፈችውም ብዙ ጊዜ ልጇን አጥታ፣ ሌላ መከራ ተሸክማ ትኖራለች። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የሽንት ፊኛዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር ይጨፈልቀዋል፤ ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞታል፤ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ይህ ፊስቱላ ነው። ትዳር ያፈርሳል፤ ከማኅበር ይነጥላል።

ይህን መከራ በሙያቸው የተጋፈጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1908 በኒውዚላንድ ተወለዱ። በአውስትራሊያ ሲድኒ በሚገኝ የእናቶች ሆስፒታል ሲሠሩ ከባልደረባቸው ከዶክተር ካትሪን ጋር ተዋወቁ፤ በ1950ም ተጋቡ። ኢትዮጵያ አዋላጅ ነርሶችን የሚያሠለጥን ሐኪም እንደምትፈልግ በሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ማስታወቂያ ያወቁት ባልና ሚስት፣ በ1959 ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። የሥራ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር።

የተመደቡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ነርስ የነበሩት ልዕልት በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸውና፣ የሆስፒታሉ ስም ራሱ የእናቶችን ጉዳይ ያስታውስ ነበር። ባልና ሚስቱ ፊስቱላን በአገራቸው አይተውት አያውቁም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከየክፍለ ሀገሩ በእግርም በአውቶቡስም የሚመጡ ሴቶች በራቸው ላይ ተገኙ። ሽታው አስቸገረን ተብለው ከአውቶቡስ የሚወርዱም ነበሩ። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለጤነኛ እንኳ አድካሚ በነበረበት ጊዜ፣ ለእነዚህ ሴቶች ጉዞው ምን እንደነበር መገመት አይከብድም።

ዶክተር ሬጂናልድ የሌሎች ሐኪሞችን ጽሑፎችና ሥዕሎች፣ በተለይም የካይሮውን የማህፀን ሐኪም የናጊብ ማህፉዝን ሥራዎች አጠኑ። የሚበዛውን ቀዶ ሕክምና ሆድ ሳይከፍቱ በተፈጥሮው የመውለጃ መንገድ ያከናውኑ ነበር። ታካሚዋ ከወገብ በታች ትደነዝዛለች፤ ፊኛው ከጠባሳው ተላቅቆ ይሰፋል፤ የስፌቱ ጥብቀት ቀለም በተቀላቀለበት ውኃ ይፈተሻል፤ ከዚያም ቁስሉ እስኪድን ሽንት በቀጭን ቱቦ ይወጣል። ዛሬ የዓለም ሐኪሞች በትንንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራና በሮቦት ክንድ የሚሹት፣ አካልን ብዙ ሳይጎዱ ማዳን፣ በእሳቸው ክፍል በመርፌ፣ በክርና በትዕግሥት ይሠራ ነበር።

በ1962 ለሕክምና የመጣችው ወጣት ማሚቱ ጋሼ ከዳነች በኋላ እዚያው ቀረች። በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዘች ሙያውን ከሃምሊን ባልና ሚስት እጅ ተማረች፤ የቀለም ትምህርት ሳይኖራት ሌሎች ሴቶችን የምትጠግን ባለሙያ ሆነች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሦስቱም የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ።

ታካሚው ሲበዛ፣ ባልና ሚስቱ ከዓለም ዙሪያ ገንዘብ አሰባስበው በ1970ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነበር። ዘውዱ ወድቆ ደርግ ሲመጣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሲወጡ እነሱ አልወጡም።

ይሁንና የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም ቀርቶ ነበር። የጀመሩት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ጥቂቶችን አስመርቆ ተዘግቷል። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 በካንሰር ሲያርፉ፣ በየገጠሩ የሚራዘመው ምጥ አዳዲስ ታካሚዎችን መላኩን አላቆመም ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

ሥራቸውን ባለቤታቸው ቀጠሉት። በ2005 ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው የፊስቱላ ማዕከል በባሕር ዳር ተከፈተ፤ ለአማራ ክልል እናቶችም መንገዱ አጠረ። በ2007፣ እሳቸው ባረፉ በ14ኛው ዓመት፣ የሃምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ተምረው ወደ ገጠር እናቶች ይመለሳሉ። ዶክተር ካትሪንም በ2020 አርፈው በዚያው በአዲስ አበባ አፈር ተቀበሩ።

የተቀደደ ቢሰፋም አለመቀደድ ይበልጣል። ዛሬ በደሴ ዙሪያ ምጥ የያዛት እናት በጊዜ ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ የሠለጠነች አዋላጅም ስትቀበላት፣ ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 የመጡበት ጉዳይ ይፈጸማል።