ካሬል ቻፔክና ሮቦቶቹ

ሮቦት የሚለውን ቃል ዛሬ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የተወለደው በቴአትር መድረክ ላይ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አይገነዘብም። ስለ ማሽን የሚያገባቸው መሐንዲሶች ብቻ ናቸው ለሚሉን ጓደኞቻችን የካሬል ቻፔክ ሕይወት በቂ መልስ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ቻፔክ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረችው በቦሄሚያ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። በፕራግ ፍልስፍና ተምሮ በ1915 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። የአከርካሪ ሕመም ስለ ነበረበት በአንደኛው የዓለም ጦርነት አልዘመተም፤ ነገር ግን እኩዮቹ በመትረየስና በመርዝ ጋዝ ሲያልቁ ኖሮ ያየ ሰው ነው።

በ1920 አር. ዩ. አር. የተባለውን ቴአትር አሳተመ፤ በ1921 መጀመሪያ ላይ በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ታየ። በቴአትሩ ውስጥ ላሉት ሰው ሠራሽ ሠራተኞች የሚስማማ ስም ቢቸግረው፣ ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ሮቦት እንዲላቸው መከረው። ሮቦታ በቼክ ቋንቋ ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በአገራቸው የተሻረውም በ1848 ነበር። አያቶቻችን የጌታን ሁዳድ ያለ ዋጋ ያርሱ ነበርና ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

የቻፔክ ሮቦቶች የብረት አይደሉም፤ በፋብሪካ ከተቀመመ ሥጋ የተበጁ፣ መልካቸው ከሰው የማይለይ ናቸው። የፋብሪካው አስተዳዳሪ ሰውን ከድካም ለማሳረፍ ይመኛል፤ ባለ አክሲዮኖቹ ትርፍ ይሻሉ፤ መንግሥታት ሮቦቶቹን ገዝተው ወታደር ያደርጓቸዋል። ሥራ የተወሰደበት የሰው ልጅም መውለድ ያቆማል። በመጨረሻ ሮቦቶቹ ተነሥተው ሰውን ሁሉ ይፈጃሉ። አንድ ግንበኛ ብቻ፣ እንደ እነሱ በእጁ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከሞት ይተርፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፋት አስቦ የተነሣ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጥቅም ወይም በጎ ሐሳብ ሲከተል ጥፋቱ በኅብረት ተሠራ።

ቻፔክ ከዚያ በኋላም በጋዜጠኝነትና በድርሰት ሲሠራ ኖረ፤ በናዚዎች ላይ ብዕሩን አነሣ። በ1938 አገሩ በሙኒክ ስምምነት ከተቆረሰች በኋላ፣ በዚያው ዓመት በገና ዕለት በሳንባ ምች በ48 ዓመቱ ሞተ። በ1939 ጀርመኖች ፕራግ ሲገቡ የጌስታፖ ሰዎች መሞቱን ሳያውቁ ሊይዙት ከቤቱ መጡ። ስሙን ያወጣው ዮሴፍም ተይዞ በ1945 በበርገን ቤልዘን የእስረኞች ሰፈር ሕይወቱ አለፈ።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፋል፣ ይተረጉማል፣ ሥዕል ይሥላል፤ ሮቦትም መኪና ይገጣጥማል። ጥያቄው ግን ቻፔክ እንደ ተወው ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው ለማን ነው? ትርፉስ ለማን ይገባል? እንጀራው የተወሰደበት ሠራተኛ ምን ይብላ? በጦር ሜዳ ለሚተኩሰው ማሽን ተጠያቂው ማን ነው? ይህን የሕግ፣ የኤኮኖሚና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ካልመረመረው ገበያው ብቻውን ይወስነዋል። ድርሰቱን ማሽን አስጽፎ በስሙ የሚፈርም ተማሪም ያን ግንበኛ ያስበው፤ ያተረፈው በእጁ መሥራቱን አለመተዉ ነበር።