የብድርና ቁጠባ ህብረት ሥራ ፈር ቀዳጅ፦ ራይፋይዘን

ፍሬድሪክ ዊልሄልም ራይፋይዘን እ.ኤ.አ. በ1818 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሀም በተባለች መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ የዓይን ሕመም ስለጸናባቸው ወደ አስተዳደር ሥራ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1846/47 ረሃብ ሲገባ የቫየርቡሽ ከንቲባ ስለነበሩ የጋራ ዳቦ ቤት አቋቁመው ድሆች ዳቦ በዱቤ እንዲያገኙ አደረጉ።

እ.ኤ.አ. በ1849 በፍላመርስፌልድ ስድሳ ያህል ባለጸጎችን በዋስትና አስተባብረው አርሶ አደሩ ከአራጣ አበዳሪ ወጥቶ ከብት እንዲገዛና ዕዳውን በአምስት ዓመት እንዲከፍል አመቻቹ። ይሁን እንጂ ባለጸጎቹ ለራሳቸው የማይበደሩበት ማህበር ስለሆነ እያደር ሰለቹ።

በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1864 በሄደስዶርፍ አሠራሩን ለወጡ። የሚበደረው አባል ብቻ ሆነ፤ ለዕዳውም አባላት በሙሉ ባላቸው ንብረት ተጠያቂ ሆኑ። በእኔ አስተያየት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የጎረቤቱ ዕዳ በራሱ ላም ላይ እንደሚመጣ ያወቀ አባል ብድሩ ለምን እንደዋለ ይጠይቃል፣ ጊዜው ሳያልፍም ይመክራል። ማህበሩ ሰው በሚተዋወቅበት አካባቢ የተወሰነውም ለዚሁ ነው። አመራሮቹ ያለ ደመወዝ ያገለግሉ ነበር፤ ክፍያ የነበረው ሒሳብ ያዡ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዓይናቸው ሊጠፋ ሲቃረብ ልጃቸው አማሊያ እየጻፈችላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1888 ዓ.ም. አረፉ።