ቅኔ፣ ትምህርትና ጸሎት በአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት

ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሚጽፉ አንዳንዶች ባለቅኔነታቸውን፣ ሌሎች የነገረ ሃይማኖት ሊቅነታቸውን ነጥለው ያነሣሉ፤ ገዳማዊ ተጋድሏቸው ደግሞ ለብቻው በገድል ይተረካል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱ በአንድነት ሊጠኑ እንደሚገባ ለማሳየት ይሞክራል። መነሻውም ዋና ዋና ድርሰቶቻቸው የተደራጁት በጸሎት ሰዓት፣ በዕለትና በበዓል መሆኑ ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በወሎ ምድር ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። ልጃቸውን ለትምህርት የሰጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላደራጁት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ወጣቱ ተማሪ ለብዙ ጊዜ ትምህርት አልገባ ብሎት ቆይቷል፤ እህል እየፈጨ ገዳሙን ያገለግል፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም ያለማቋረጥ ይጸልይ ነበር። በኋላ አእምሮው ተከፍቶ ከተማሪነት ወደ መምህርነት ተሸጋገረ። ትረካው የገድል ጠባይ ቢኖረውም፣ ትውፊቱ ሊቁን በእጅ ሥራና በጸሎት ውስጥ ዘግይቶ የበሰለ ሰው አድርጎ ማስታወሱ ድርሰቶቻቸውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ከድርሰቶቻቸው ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከግብጽ የመጣ የሰዓታት ጸሎት ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ይታወቅ ነበር። አባ ጊዮርጊስ ያዘጋጁት ግን ምንባብን፣ ምስጋናንና የማርያም ውዳሴን አሰናስሎ የሌሊቱንና የቀኑን ጊዜያት የሚከተል ነው። በትውፊት የእርሳቸው የሆነው አርጋኖንም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። በሁለቱም ድርሰቶች ውበት የሚገለጠው በድግግሞሽ ነው፤ ቃሉ በየሌሊቱና በየሳምንቱ እየተመለሰ በአንባቢው ልብ ይታተማል።

መጽሐፈ ምሥጢርም ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1424 የተፈጸመው ይህ መጽሐፍ የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስንና የሌሎችንም ትምህርት እየጠቀሰ ይሞግታል። ይዘቱ ክርክር ቢሆንም ክፍሎቹ በየበዓላቱ እንዲነበቡ ተመድበዋል። ስለዚህ ረቂቁ የነገረ መለኮት ሙግት በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይወሰን ለበዓል ወደ ተሰበሰበው ምእመን ይደርሳል። መምህሩ ቤተ ክርስቲያኑን ራሱን የትምህርት ቤት አድርገውታል።

ይህ መንገድ መከራ አላጣውም። አባ ጊዮርጊስ በዐፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ጉዳይ እንደ ተከራከሩና ለእስራትም እንደ ተዳረጉ ገድሉ ያወሳል። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ከሚሟገቱት መካከልም ነበሩ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው ግን እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1425 ገደማ ካረፉ በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። የሰንበት ክርክር በመሠረቱ የጊዜ ክርክር ነው፤ የትኛው ቀን ለማን ይሰጥ የሚል ነው። የጸሎትን ሰዓት የወሰነ ደራሲ በዚህ ሙግት መሰለፉ ድንገተኛ አይመስልም።

ከዚህ የሚከተለው ለተመራማሪው ግልጽ ነው። በቤተ መጻሕፍት ብራናውን ገልጦ በዝምታ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የድርሰቱን ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚሰማው በዜማው፣ በሰዓቱና በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ነው። ዛሬም በተለይ በጾመ ፍልሰታ ሌሊቶች ሰዓታቱ ሲቆም፣ ፊደል የማይለይ ምእመን ሳይቀር ቃሉን በቃሉ ይቀበላል። የአባ ጊዮርጊስን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ከጽሑፉ ንጽጽር ጎን ለጎን ይህን ሕያው አገልግሎት እንደ ማስረጃ ሊመረምረው ይገባል።