የማሳመን ኃይልና ዋጋው በአባ ጅፋር ሕይወት

ከጠዋት እስከ ማታ ሌላውን ሰው ለማሳመን የማንሞክርበት ቀን የለም። ልጅ አባቱን ይለምናል፤ ገበሬው ስለ ቡናው ዋጋ ከነጋዴው ጋር ይከራከራል፤ ሽማግሌዎች የተጣሉትን ያስታርቃሉ። ለመሆኑ ንግግር ልብን የሚያሸንፈው በምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ሕይወት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጅፋር አባታቸው አባ ጎሞል ሲሞቱ በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነገሡ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ድረስ በሚታየው በጅረን ኮረብታ ላይ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ በሂርማታ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር፤ የዛሬይቱ ጅማ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ላይ ነው።

በዚያን ዘመን በጊቤ አካባቢ ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በእምባቦ ድል ካደረጉ በኋላ የጊቤ ምድር በሸዋ ኃይል ሥር መውደቁ የማይቀር ሆነ። አባ ጅፋር ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ መዋጋት ወይም መገበር። እናታቸው ጉሚቲ እንዲገብሩ እንደ መከሯቸው ይነገራል። እሳቸውም ምክሩን ተቀብለው ገበሩ፤ አገራቸውንም ራሳቸው ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ።

አንዳንድ ወጣት ይህ ፍርሃት እንጂ ብልሃት አይደለም ይል ይሆናል። ነገር ግን ልብ እንበል። የተቃጠለ አገር ግብር አይከፍልም፤ የሞቀ ገበያ ግን በየዓመቱ ይከፍላል። እንግዲህ አባ ጅፋር የራሳቸውን ጥቅም ከሰሚው ጥቅም ጋር አገናኙት ማለት ነው። ቃላቸውንም በየዓመቱ በሚልኩት ግብር አጸኑት። ከፋ በ1897 በጦር ተይዛ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ ጅማ ግን ሳትፈርስ ቆየች። የራሷ አስተዳደር የቀረው አባ ጅፋር በሞቱበት በ1932 ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በግማሹ ብቻ መናገር ተገቢ አይደለም። ግብሩን የተሸከመው ገበሬው ነበር። የጅማ ሠራዊትም በወላይታና በከፋ ዘመቻዎች ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፏል። በሂርማታ ገበያ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የጅማ ሰላም ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ከዋጋውም ከፊሉን የከፈሉት በውይይቱ ላይ ያልተቀመጡ፣ ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ከመናገራችን ወይም ከመጻፋችን በፊት ሰሚው የሚፈልገውንና የሚፈራውን እንወቅ። ሁለተኛ፣ ቃላችን በሥራ ይመስከር። በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ያማረውን ቡና ከላይ አድርጎ እርጥቡን ከሥር የሚደብቅ ሻጭ ቢኖር አንድ ቀን ያሳምን ይሆናል፤ በሚቀጥለው ገበያ ግን እውነት ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ የስምምነታቸውን ዕዳ የሚከፍለው ሦስተኛው ማን እንደሆነ እንጠይቅ።

በቤት ውስጥ ከወንድምና ከእኅት ጋር ስንከራከር፣ በማኅበራችን ስብሰባ እጃችንን አንሥተን ስንናገር፣ ለዚህች ጋዜጣ ብዕር ስናነሣ ይህን ጥያቄ አንርሳ። ክርክር ማሸነፍ ብዙ ሰው ይችላል፤ በስብሰባው ላይ ያልተገኘውን ሰው ሳይጎዱ ማሸነፍ ግን ገና ልንማረው የሚገባን ነገር ነው።