ሐኪሙ አስተዳዳሪ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ከጀመሩት ወጣቶች መካከል የተማሩት ሌላ፣ የተመደቡበትም ሌላ የሆነባቸው ጥቂቶች አይደሉም። እርሻ ያጠናው የመሬት መዝገብ ይይዛል፤ ሒሳብ ያጠናው ባለጉዳይ ያስተናግዳል። እንዲህ ያለውን ወጣት ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው፣ ይህ ሙያዬ አይደለም ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ ተምሬአለሁና ሁሉን አውቃለሁ ብሎ ሳይጠይቁ ማዘዝ ነው። ከሁለቱም የሚያድን ምሳሌ ብንፈልግ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት እናገኛለን።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ሠራዊት እጅ ስለ ወደቁ፣ አንድ መኮንን ወደ ሕንድ አገር ይዟቸው ሄደ። በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በላሆር በሕክምና ኮሌጅ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ።

የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲሰማ የአገራቸው ፍቅር ቀሰቀሳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንዳወቋቸው ይነገራል። የእናታቸውን ቋንቋ ግን ረስተውት ነበርና እንደ ባዕድ ሰው ከፊደል ጀምረው መማር ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ የተማረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ተማሪ መሆኑን በራሳቸው አሳዩ ማለት ነው።

ወደ በርማ እየተመለሱ፣ እንደገናም እየመጡ ቆይተው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። የተማረ ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ሰው ለአንድ ሥራ ብቻ አይተውም ነበር። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በውጭ አገር ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኝተዋል። ለተማሪዎችም የዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈዋል። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመዋዋል ወደ አሜሪካ ተልከዋል።

ከነዚህ ሥራዎች ማናቸውንም በላሆር አልተማሩም። ታዲያ በምን ቻሉት? እኛ እንደሚመስለን ከሕክምና መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም ስለ ያዙ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅና ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። ያየውን ይጽፋል፤ ትናንት የሰጠው መድኃኒት ዛሬ ምን እንዳደረገ ተመልሶ ያያል። ሐኪም ወርቅነህም ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። የሥራቸውን ሒሳብ በየቀኑ ከራሳቸው ጋር የሚተሳሰቡ ሰው ነበሩ ብንል አንሳሳትም።

ይህ ጠባይ በይበልጥ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1930 የጨርጨር ገዢ ሆነው ሲሾሙ ነው። ጨርጨር ሹማምንት በደመወዝ እንዲሠሩ፣ የገበሬውም ግብር የታወቀ እንዲሆን ታስቦ አዲሱ አስተዳደር የሚሞከርበት ምሳሌ አውራጃ ነበር። ከእርሳቸው በፊት አውራጃውን የገዙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ የቆረቆሩት እርሳቸው ናቸው። ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በሩሲያ አገር የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ መኮንን ነበሩ። መድፈኛ የጀመረውን ሐኪም ቀጠለው። አንዱ የሌላውን መሠረት አፍርሶ እንደ አዲስ አለመጀመሩም ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁሉም ሥራ ግን አልሰመረላቸውም። የጣናው ግድብ በዚያ ውል አልተሠራም። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ያለ ዕረፍት ቢከራከሩም የዓለም መንግሥታት አልሰሟቸውም። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣልያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው። አባት ይህን ኀዘን ተሸክመው በስደት ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

አሁን ወደ ጀመርንባቸው ከተሞች እንመለስ። ከሙያ ውጭ የሆነ መምህር ለማግኘት ላሆር ድረስ መሄድ አያሻም። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። የተማሪውን ጣት በብሬል ነጥቦች ላይ አንድ በአንድ የሚመራው መምህር ባለጉዳይን በትዕግሥት ማስረዳት ምን እንደሆነ ያስተምራል። በቡራዩ አጠገብ ያለውን የገፈርሳን ግድብ ውኃ የሚጠብቅ ሰው ጉድለት አደጋ ሳይሆን አስቀድሞ ልኩን ማየት እንደሚገባ ያሳያል። በሱሉልታ ሜዳ ሯጮችን የሚያሠለጥን አሠልጣኝ በግምት አይፈርድም፤ ሰዓቱን ይመለከታል። እያንዳንዱን ሯጭም እንደ ዐቅሙ ያሠራዋል እንጂ ሁሉንም በአንድ አይነዳም።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ከሙያው ውጭ ሲመደብ አይዘን። የተማረውን ሥርዓት ይዞ ይግባ፤ ያላወቀውንም ከሚያውቀው ሰው፣ ያ ሰው ዘበኛም ቢሆን ገበሬ፣ ሳያፍር ይጠይቅ። በጠዋት በደጃፉ የተሰለፈው ባለጉዳይ የሹሙን የምስክር ወረቀት አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጉዳዩ ተመርምሮ መልስ ማግኘቱን ወይም ነገ ተመለስ መባሉን ነው።