ሐኪም ወርቅነህና የማስረዳት ሙያ

አንድ መሐንዲስ በአዳራሽ ውስጥ ጥናቱን ሲያቀርብ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጀርባውን ለታዳሚው ሰጥቶ ፓወር ፖይንቱን ያነባል፤ ከአምስቱ ቃል ሦስቱ እንግሊዝኛ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ የሻይ ዕረፍቱን ይጠብቃል። ባለሙያው ዕውቀት አላነሰውም። ያነሰው፣ ያወቀውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ነው። (እኛ የሕግ ሰዎችም ከዚህ አንድንም።) ለዚህ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የመሰለ አስተማሪ ማግኘት ያስቸግራል።

ወርቅነህ የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸውና ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። ላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አዳበሩ፤ ከዚያ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ ዘመዶቻቸው በገላቸው ጠባሳ ለዩአቸው። ስማቸው ወርቅነህ መሆኑንም ያወቁት ያን ጊዜ ነው። አማርኛው ግን ጠፍቷቸው ነበርና ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

በእኔ እምነት የሰውየው ሙያ ከዚህ ጉድለት ተወለደ። የእናቱን ቋንቋ ጎልምሶ የተማረ ሰው፣ የትኛው ቃል ለአድማጩ ባዶ ድምፅ እንደሚሆንበት ከሌላው ይልቅ ይገባዋል። በኋላ ጂኦግራፊን በአማርኛ ጽፈው ለተማሪ አቀረቡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም መርተዋል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1919 ዓ.ም. ነው። ራስ ተፈሪ ወደ ኒውዮርክ ላኳቸው። ጉዳዩ ለጎንደር ሰው ቅርብ ነው፦ በጣና መውጫ ላይ ግድብ ማሠራት። ሐኪሙ መሐንዲስ አልነበሩም፤ ሆኖም የጄ ጂ ዋይትን ኩባንያ መሐንዲሶች ማሳመን ነበረባቸው። በዚያው ጉዞ ሐርለም ወርደው ለጥቁር አሜሪካውያን ንግግር አደረጉ፤ የእጅ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። አንዱ አድማጭ ስለ ውኃና ስለ ገንዘብ መስማት ይፈልጋል፤ ሌላው ስለ መሬትና ስለ ክብር። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማስተናገድ አይቻልም። ኩባንያው በኋላ ጣናን አጠና፤ ግድቡ ግን አልተሠራም። እንግሊዝ በ1894 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የተፈራረመችውን ውል ይዛ ተቃወመች።

በ1927 ዓ.ም. ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጣልያን ጦርነት ስታሰናዳ የኢትዮጵያን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሕዝብ ያስረዱት እሳቸው ናቸው፤ ያውም በሕዝቡ በራሱ ቋንቋ፣ ያለ አስተርጓሚ። በ1928 ዓ.ም. ሆርና ላቫል ኢትዮጵያን ሊያስቆርሱ ሲስማሙ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣን ለቀቀ። ሕዝቡ በወርቅነህ ንግግር ተነሣ ብዬ አልሟገትም፤ ይህን የሚያህል ነገር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከዚያም ቢሆን መንግሥቱ አልረዳንም። ዳኛው አስቀድሞ ከወሰነ የጠበቃ አንደበት ምን ያደርጋል?

በ1929 ዓ.ም. ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በአዲስ አበባው ፍጅት ዘመን በፋሺስቶች ተገደሉ። አባት ያን ጊዜ በስደት ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።